የተማሪ ስሕተትና የቃል ታሪክ

መግቢያ

ተማሪ በሳይንስ ፈተና ሲሳሳት፣ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጠረው በራሱ ስንፍና ወይም በመምህሩ ድካም ነው። መልሱ በቀይ ቀለም ይሠረዝና ይታለፋል። ይሁን እንጂ የቃላት ጥናት ባለሙያ ያንን የተሠረዘ መልስ አንሥቶ ቢመረምረው፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ አንድ ቃል ያገኛል። ቃሉ ተማሪው ከመወለዱ አስቀድሞ በገበሬው፣ በካህኑ፣ በነጋዴውና በተርጓሚው አፍ ሲመላለስ የኖረ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ተማሪው የሚሳሳተው ቃሉን አስቀድሞ በሌላ ሥራ ላይ ስለሚያውቀው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ቃላት መካከል አምስቱን፣ ማለት ክረምትን፣ ፈላን፣ ብርድን፣ ጋዝንና ንዳድን መርጦ፣ የእያንዳንዱን ታሪክ በአጭሩ በመከተል፣ በተማሪዎች ዘንድ የተለመዱ አንዳንድ የሳይንስ ስሕተቶች ከየት እንደሚመነጩ ማመልከት ነው።

ምሳሌዎቹ በሐዋሳ ከተማ ላይ የተመሠረቱበት ምክንያት አለ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያላት ርቀት 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በሌላ አገር፣ በባሕር ዳርቻና በሰሜናዊ ኬክሮስ ለሚኖር ልጅ የተጻፈ የሳይንስ ትምህርት ወደዚህች ከተማ ሲመጣ ከሦስት ነገሮች ጋር ይጋጫል፤ ከቦታዋ፣ ከከፍታዋና ከነዋሪዎቿ አነጋገር ጋር።

የሳይንስ ትምህርትና የአማርኛ ቃላት

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። በዚያ ዘመን በትምህርት ቤት ገንኖ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። ስለዚህም የሳይንስን ሐሳብ በአማርኛ የመግለጹ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አስቸኳይ ሆኖ አልታየም። ነገሩ የተለወጠው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ በሆነ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለእያንዳንዱ የሳይንስ ሐሳብ አንድ የአማርኛ ቃል መጥራት ግድ ሆነበት።

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ። ከአብዮቱ በኋላም የሥራው ክልል ሰፍቶ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተባለ። ከያዛቸው ዐበይት ሥራዎች አንዱ የሳይንስንና የቴክኖሎጂን ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ነበር፤ የዚህም ድካም ፍሬ በ1989 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ–አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሆኖ ታተመ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ በማድረጉ ሲዳምኛም የትምህርት ቋንቋ ለመሆን በቃ። በዚህ የተነሣ ብዙ የሐዋሳ ልጅ በቤቱ ሲዳምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ሲሸጋገር ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የሳይንሱ ሐሳብ በሦስት ቋንቋዎች ወንፊት አልፎ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ለአዲስ ሐሳብ ስም ለማውጣት የተሠራባቸው መንገዶች በጠቅላላው ሦስት ናቸው። አንደኛው በቤት ያለውን የአማርኛ ቃል ለአዲሱ ሐሳብ ማዋል ነው። ሁለተኛው ከግዕዝ መውሰድ ነው፤ ለምሳሌ በባሕረ ሐሳብ የዕለትን አንድ ስድሳኛ ያመለክት የነበረው ኬክሮስ የሚለው ቃል ዛሬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ያለውን የቦታ ርቀት መለኪያ ሆኖአል። ሦስተኛው የውጭውን ቃል እንዳለ መዋስ ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው ከሦስቱ መንገዶች አንዱም ቢሆን ከስሕተት ፈጽሞ አያድንም።

ክረምት

እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ በተዘጋጀ አንድ ትምህርታዊ ፊልም ላይ፣ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ተመራቂዎችና መምህራን መካከል 23 ሰዎች ስለ ወቅቶች መፈራረቅና ስለ ጨረቃ መልክ መለዋወጥ ተጠይቀው 21ዱ የተሳሳተ መልስ ሰጥተዋል። ስለ ወቅቶች ከተሰጡት መልሶች የታወቀው፣ ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ሙቀት፣ ስትርቅ ብርድ ይሆናል የሚለው ነው። ይህን ስሕተት ለማረም በሰሜን አገሮች መምህራን የሚያቀርቡት ማስረጃ አጭርና የማያዳግም ነው። ምድር ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ በእነሱ አገር የዓመቱ ሙቀት የሚበረታበት ነው። ርቀቱ ብርድን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ በዚያን ጊዜ በበረዳቸው ነበር።

ይኸው ማስረጃ ወደ ሐዋሳ ሲመጣ ምን ይሆናል? በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። ምድር ከፀሐይ በጣም ርቃ፣ ማለት 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሆና የምትገኘው በዚሁ ሰሞን ነው። ሐጋይ፣ ማለት በጋ፣ የሚገባው ታኅሣሥ 26 ቀን ነው፤ ምድር ወደ ፀሐይ እጅግ ቀርባ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የምትሆነውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ አንድ የሐዋሳ ተማሪ ክረምት የሚቀዘቅዘው ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው ብሎ ቢጽፍ፣ በሌላው አገር ስሕተቱን የሚያፈርሰው የቀን ቍጥር ለእሱ ምስክር ሆኖ ይቆምለታል። መምህሩም መጽሐፉን ተከትሎ ያንኑ ማስረጃ ቢያቀርብ ስሕተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። በሁለቱ ርቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ምድር ከፀሐይ በምትቀበለው ብርሃንና ሙቀት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ከመቶ 7 ገደማ ነው። ይህ ፈጽሞ ዋጋ የለውም አይባልም፤ ነገር ግን የሐዋሳን ክረምት ክረምት የሚያደርገው እሱ አይደለም። በነሐሴ መጨረሻ ቀኖች ፀሐይ በእኩለ ቀን ከሐዋሳ አናት በላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። በዚያን ጊዜ አየሩ የሚቀዘቅዘው ዝናብ አዘሉ ደመና ብርሃኗን ስለሚጋርደው ነው። በመጋቢት መጨረሻም እንዲሁ ከአናት በላይ ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ግን ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ገለጥ ያለ ስለሚሆን ሙቀቱ ይሰማል። ለተማሪው የሚበጀውም ማስረጃ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከአገሩ የሚገኝ ነው። በሐምሌ ሐዋሳ ስትቀዘቅዝ፣ በዚያው ቀን፣ ከፀሐይ በዚያው ርቀት ላይ ያለው የአፋር ቆላ ከዓመቱ ሁሉ በከበደ ሙቀት ይነዳል። የርቀት ነገር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ባልተለያዩ ነበር።

እዚህ ላይ የቃሉን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። ክረምት ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ከረመ ከሚለው ግሥ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። እንዴት ከረማችሁ ስንል ወራት አልፎ መገናኘታችንን፣ ከርሞ ስንል የሚመጣውን ዓመት እናመለክታለን። ስለዚህ ቃሉ የሚናገረው ስለ ዝናቡ ወራትና ስለ ዘመን መመላለስ ነው፤ ስለ ብርድ የሚናገረው በተዘዋዋሪ ብቻ ነው። በአክሱም ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የመለሱ ሊቃውንት የብርዱንና የማዕበሉን ወቅት ስም ሲያገኙ ክረምት ብለው ተረጐሙት። በፍልስጥኤም ምድር ዝናብ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ስለ ሆነ ትርጕማቸው የቀና ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ የአገራችንን የዝናብ ወራት በቋንቋው የብርድ ወቅት በሚጠራበት ስም መዘገበው። ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላትም ክረምት ይህንኑ ፍች ይዞ እናገኘዋለን። በዚህ ዐይነት ቃሉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር የዝናቡ ነገር እየደበዘዘ፣ የብርዱ ነገር እየጎላ ሄደ።

በሌላ በኩል በዩኒቨርሲቲዎቻችን መምህራን በሐምሌና በነሐሴ የሚከታተሉት ትምህርት የክረምት ትምህርት ይባላል፤ እንግሊዝኛው ግን ሰመር ይለዋል። እንግዲህ አንዱ ክረምት በመዝገበ ቃላት ዊንተር፣ በዩኒቨርሲቲ ሰመር ሆኖ ይገኛል። በሁለቱም ቦታ አጠቃቀሙ የየራሱ ምክንያት አለው፤ ሁለቱን በአንድ ደብተር ላይ የሚያገኛቸው ተማሪ ግን የምድርንና የፀሐይን ሥዕል ሲሥል የትኛውን ወቅት በየትኛው በኩል እንደሚያደርግ ግራ ቢጋባ ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ በሥነ ፈለክ ትምህርት ክረምትና በጋ የሚሉት ቃላት ለአገራችን የዝናብና የደረቅ ወራት ብቻ ተጠብቀው፣ ለሌላው አገር የሰሜን ንፍቀ ክበብ የሙቀት ወቅት፣ የሰሜን ንፍቀ ክበብ የብርድ ወቅት እየተባለ ቢነገር የተሻለ ይሆናል። አነጋገሩ ቢረዝምም አያሳስትም።

ፈላ

ንጹሕ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል የሚለውን ዐረፍተ ነገር የማያውቅ ተማሪ የለም። በሐዋሳ ግን ውሃ ጥዶ ቴርሞሜትር የነከረ ተማሪ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲፈላ ያያል። በአዲስ አበባ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህን ጊዜ ተማሪው ከሦስት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ መሣሪያው ተበላሽቶአል ይላል፤ ወይ እኔ ተሳስቻለሁ ይላል፤ ወይም ያየውን ትቶ በደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሳይንስ ማለት ከዐይን ይልቅ መጽሐፍን ማመን ነው የሚል ትምህርት ይዞ ይወጣል።

መቶ የሚለው ቍጥር በባሕር ወለል ላይ ላለው የአየር ግፊት የተወሰነ ነው። የመለኪያውን ስያሜ የሰጠው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ የውሃ መፍላት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አመልክቶ ነበር። ዋናው ሰው ያላጠፋውን ማስጠንቀቂያ ያጠፋው ትምህርቱን ያሳጠረው መማሪያ ነው።

የአማርኛው ቃል ግን ለእውነቱ ቅርብ ነው። ውሃ ፈላ እንላለን፤ ጠላው ፈላ እንላለን፤ ጉንዳን ፈላ እንላለን። ከመሬት ሥር እየተንተከተከ የሚወጣውንም፣ ለምሳሌ በሐዋሳ አቅራቢያ በወንዶ ገነት የሚገኘውን፣ ፍል ውሃ እንለዋለን። በእነዚህ ሁሉ ቃሉ የሚመለከተው ከሥር ወደ ላይ መገንፈልን፣ መንተክተክን ነው፤ ስለ ዲግሪ ቍጥር የሚናገረው የለም። ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ውሃ ፈላ የሚባለው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ግፊት ጋር ተተካክሎ አረፋው ከሥር መነሣት ሲችል ነው። በሐዋሳ የሚጫነው አየር ከባሕር ወለሉ ስለሚያንስ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል። በደጋ ንፍሮ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈጅበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ውሃው ቢፈላም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነውና። እንግዲህ መምህሩ ከቍጥሩ ፈንታ ከቃሉ ቢነሣ ተማሪው ያየውን ሳይክድ ወደ ሕጉ ይደርሳል። ጥንቃቄ የሚያሻው ጠላው ፈላ በሚለው ላይ ነው፤ እዚያ አረፋውን የሚያነሣው የእርሾ ሥራ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ ነገር አይደሉም።

ብርድ

በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል። ይህን ያላለ ቤተሰብ የለም። ብርድ መታው፣ ብርድ ያዘው፣ የጀርባ ብርድ አለበት እንላለን። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ብርድ የሚገባ፣ የሚመታና የሚይዝ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ስለዚህ ተማሪ የብረት ወንበር ከእንጨቱ ይልቅ የሚቀዘቅዘው ብዙ ብርድ ስላለበት ነው ብሎ ቢመልስ ሰዋስዉ የሚያስተምረውን መልሷል። ሳይንሱ ግን ብርድ የሚባል የሚገባ ነገር የለም፤ የሚወጣው ሙቀት ነው ይላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያደሩት ብረትና እንጨት መጠነ ሙቀታቸው አንድ ነው፤ ብረቱ የእጃችንን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚወስድብን ቀዝቃዛ መስሎ ይሰማናል።

ሊቃውንቱም በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዘመን ሲሳሳቱ ኖረዋል። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ሙቀትን ካሎሪክ ብሎ ከንጥረ ነገሮች ጋር ቈጥሮታል። ራምፈርድ መድፍ ሲቦረቦር ያለማቋረጥ ሙቀት መውጣቱን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1798 ይህን ሐሳብ ተቃወመ፤ ጁል የተባለውም እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ባደረጋቸው ልኬቶች ሙቀት የጉልበት አንድ መልክ መሆኑን አስረዳ። ሊቃውንቱ ግማሽ ምዕት ዓመት የፈጀባቸውን ልጁ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲሻገረው ነው የሚጠበቅበት።

ይሁን እንጂ አማርኛ ራሱ ሌላ በር ይከፍታል። ብርድ የሚለው ስም ነገሩን ቁስ ሲያስመስለው፣ በረደ የሚለው ግሥ ግን መቀነስን ያመለክታል። ወጡ በረደ፣ ቁጣው በረደ፣ ጦርነቱ በረደ ስንል ቀድሞ የነበረው ግለት ጐደለ ማለታችን ነው፤ በቁጣው ውስጥ ብርድ ገባበት ማለታችን አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ከስሙ ትቶ ከግሡ ቢነሣ የሳይንሱን ሐሳብ በተማሪው አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

ጋቢ ያሞቃል የሚለውም አነጋገር እንዲሁ ነው። ጋቢ ሙቀት አያመነጭም፤ የለባሹን ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል። ሁለት እኩል የሆኑ የበረዶ ቁራጮችን ወስዶ አንዱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሌላውን እንዲሁ ትቶ ማየት ይበቃል፤ በጋቢ የተጠቀለለው ዘግይቶ ይቀልጣል። ሙቀትና መጠነ ሙቀት የሚባሉትም የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በስኒ ያለው ቡና መጠነ ሙቀቱ ከሐዋሳ ሐይቅ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሐይቁ በውሃው ብዛት ምክንያት የያዘው ሙቀት ከስኒው ጋር አይወዳደርም።

ጋዝ

አንዳንድ ጸሓፊዎች ከላይ እንደ ታየው ያለውን ችግር ለማስወገድ የውጭውን ቃል መዋስ ይበጃል ይላሉ፤ እንግዳ ቃል የቆየ ትርጕም ይዞ ስለማይመጣ ተማሪውን አያሳስተውም በማለት ነው። ጋዝ የሚለው ቃል ለዚህ አስተያየት ጥሩ መፈተኛ ነው።

ቃሉን የፈጠረው በ17ኛው ምዕት ዓመት የኖረው ፍላንደርሳዊ ሐኪም ቫን ሄልሞንት ሲሆን፣ የተነሣውም ካዎስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ቅርጽ የሌለው ዝብርቅ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን በቤተ ሙከራ በር አልገባም። የገባው በሱቅ በር ነው። በገበያ ነጭ ጋዝ፣ አንዳንድ ጊዜም ላምባ የሚባለው፣ በኩራዝና በምድጃ የሚነደው ዘይት ነው። ኩራዙ ጋዝ አለቀበት፣ ጋዝ ጨምርበት ሲባል የሰማ ልጅ፣ ጋዝ ማለት በጠርሙስ የሚቀዳ፣ የሚፈስና የሚሸት ነገር መሆኑን ያውቃል። በትምህርት ቤት የቁስ ሁኔታዎች ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ናቸው ተብሎ የጋዝ ምሳሌ ሲጠየቅ ላምባ ብሎ ቢጽፍ፣ ሳይንሱን ሳተ እንጂ ቋንቋውን አልሳተም።

ስለ አየርም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በጥንቱ ትምህርት አራቱ ባሕርያት እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ናቸው። ነፋስ የሚታወቀው ሲነፍስ ነው፤ ባይነፍስ የለም ያሰኛል። አየር የሚለው ቃል ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ሲሆን፣ በጥንቱ አነጋገር በይበልጥ ከምድር በላይ ያለውን ቦታ ያመለክታል። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ክፍል ያለ ጠርሙስ ባዶ ነው፤ አየርም ክብደት የለውም የሚለው መልስ ከነባሩ አነጋገር የተወሰደ ነው። ነገር ግን ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ የሐዋሳ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ቢመዘን 140 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ተማሪው በየቀኑ ከአንድ ኩንታል በሚበልጥ አየር መካከል ተቀምጦ ነው አየር ክብደት የለውም ብሎ የሚጽፈው።

ከዚህ የምንረዳው የተዋሰ ቃል ወደ ባዶ ቤት እንደማይገባ ነው። ከመምህሩ ቀድሞ ነጋዴው ካስገባው፣ መምህሩ የሚያገኘው ሥራ የያዘ ቃል ነው። ስለዚህ ጋዝን ከማስተማር አስቀድሞ የሱቁን ጋዝና የሳይንሱን ጋዝ ለይቶ መናገር፣ ከዚያም ለምሳሌ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚንተከተከውን አረፋ ማሳየት ያስፈልጋል።

ንዳድ

እስካሁን የተመለከትናቸው ስሕተቶች በፈተና ነጥብ የሚያስቀንሱ ናቸው። የሚከተለው ግን ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

ንዳድ ነደደ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የትኩሳቱን ማቃጠል ያመለክታል። ስለ በሽታው ምክንያት አይናገርም። አውሮፓውያን የሰጡት ስም ግን ስለ ምክንያቱ ተናግሮ ተሳስቶአል፤ ማላሪያ በጣልያንኛ መጥፎ አየር ማለት ነውና። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ ጥገኛ ነፍሳቱን በሕሙማን ደም ውስጥ አገኘ፤ ሮናልድ ሮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ በትንኝ ሆድ ውስጥ አየው። ሳይንሱ ስሕተቱን ካረመ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስሙ አሁንም መጥፎ አየር እያለ ይኖራል።

በአገራችን ደግሞ ንዳድ የበቆሎ እሸት ወይም ሸንኰራ በመብላት ይመጣል የሚል እምነት በብዙ ቦታ ይሰማል። ተማሪም ይህን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። መምህሩ መሃይምነት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ተካሂደው እ.ኤ.አ. በ2000ና በ2005 የታተሙ ጥናቶች ያስረዱት አስገራሚ ነገር አለ። የበቆሎው የወንዴ አበባ ብናኝ በአጠገቡ ባለ ኵሬ ላይ ሲረግፍ የወባ ትንኝ እጮች ይመገቡታል፤ በዚህም ፈጥነው ያድጋሉ፤ ብዙዎቹም ለመብረር ይበቃሉ። ብናኙ ከረገፈ ከሳምንታት በኋላ እሸቱ ይደርሳል፤ ንዳዱም በዚያው ሰሞን ይደርሳል። እንግዲህ ገበሬው በቆሎና ንዳድ አብረው መምጣታቸውን በትክክል አይቶ ነበር። የሳተው በመካከል ያለችውን ትንኝ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ይገመታል። ወረርሽኙ የበረታባቸው ቦታዎች በ1,600ና በ2,150 ሜትር ከፍታ መካከል ያሉ ሲሆኑ፣ የሐዋሳም ከፍታ በዚሁ መካከል ይገኛል። የበሽታው ምክንያት እሸቱ ነው ብሎ የሚያምን ልጅ እሸቱን ይተዋል፤ አጎበሩን ግን አይዘረጋም፤ በደጁ የቆመውንም ውሃ አያፋስስም። ያየኸው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው ብሎ የሚያስረዳው መምህር ቢያገኝ የአባቱን ምልከታና የሳይንሱን ሕግ አስማምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አላዋቂ ተብሎ ከተሰደበ ግን ለፈተና አንድ መልስ፣ ለቤት ሌላ መልስ ይይዛል፤ በንዳዱ ወራት የሚሠራበት የቤቱን መልስ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት አምስት ቃላት በሦስት ይከፈላሉ። ክረምትና ጋዝ በትርጕምና በንግድ መንገድ ተጕዘው ከሳይንሱ ጋር የተቃረኑ ናቸው። ብርድና ንዳድ ከነገሩ አንዱን ወገን ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። ፈላ ደግሞ ከመማሪያው ቍጥር ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው። ስለዚህ ነባሩ አነጋገር ሁሉ የሳይንስ ጠላት ነው ማለት አይቻልም፤ ከሳይንስ ጋር ሁልጊዜ ይስማማል ማለትም እንዲሁ።

ስሕተት ሁሉ ከቃል ይመነጫል ማለትም አይደለም። በሃርቫርድ የተሳሳቱት ሰዎች ክረምት የሚለውን ቃል አያውቁትም ነበር። ነገር ግን አንድ ዐይነት ስሕተት በየአገሩ ልዩ ልዩ ሥር አለው፤ በአንዱ አገር የሚነቅለው መሣሪያ በሌላው አገር ሥሩን ሊያጠብቀው እንደሚችል ከክረምት ምሳሌ አይተናል።

ከዚህ በመነሣት ለቃላት ሥራ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የሳይንስ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ቃል አቻውንና ፍቺውን ከሰጠ በኋላ፣ ቃሉ በቤትና በገበያ ምን እንደሚሠራ፣ ከሳይንሱም በምን እንደሚለይ በአንድ መስመር ቢያመለክት መምህሩን ይረዳል። ሁለተኛ፣ ዛሬ በሲዳምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሳይንስ ቃላት ሲዘጋጁ፣ ከእንግሊዝኛ ወይም ከአማርኛ በቀጥታ ከመገልበጥ በፊት የቋንቋው ተናጋሪ ልጅ ቃሉን ምን ላይ እንደሚያውለው መጠየቅ ይገባል። አለበለዚያ አማርኛ በክረምት ላይ የገጠመው ችግር ወደ ሌላው ቋንቋ ይተላለፋል።

ለዚህ ሁሉ ቅርብ የሆነው ምንጭ በየትምህርት ቤቱ ተሠርዞ የሚጣለው መልስ ነው። መምህራን እነዚያን መልሶች ሰብስበው፣ ልጁ በየትኛው ቃል ተመርቶ እዚያ እንደ ደረሰ አጠገቡ ጽፈው ቢያቈዩ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የማይገኝ ሀብት ይሆናል። ልጁም መልሱ የተነበበለት መሆኑን ያውቃል።